ድርና ማግ፤ የሸማ ሥራ በመንደራችን

ዛሬ ማለዳ ከቤት ስትወጡ ምን ለበሳችሁ? አባት ጋቢውን ተከናንቦ ወጥቷል። እናት ነጠላዋን ጣል አድርጋለች። ልብሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን ከጥጡ ተነሥቶ ትከሻችን ላይ እስኪደርስ ድረስ በስንት እጅ እንዳለፈ ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን?

በዚህ ትምህርት ስለ ሸማ ሥራ እናነባለን። ጥጥ እንዴት ልብስ እንደሚሆን እናያለን። ሸማኔን መናቅ ለምን ስሕተት እንደ ሆነ እንረዳለን። በመጨረሻም ለሸማኔ የሰጠነውን ክር በጽሑፍ መያዝን እንለማመዳለን። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህ ለዚህ አይደል?

1. ጥጡ ከየት ይመጣል?

ቢቸናና ሞጣ በምሥራቅ ጎጃም ይገኛሉ። አገሩ አብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ይበቅልበታል። ጥጥ ግን ሙቀት ይወዳል፤ ውርጭ አይችልም። ስለዚህ ጥጥ የቆላ ተክል ነው። ከደጋው አፋፍ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ የዓባይ በረሃ ይታየናል። ከላይ ብርድ ነው፤ ከታች ሐሩር ነው። የደጋው ሰው እህሉን፣ የቆላው ሰው ጥጡን ይዞ ገበያ ላይ ይገናኛል። አንዱ የሌላውን ይፈልጋል።

ዓባይ ጎጃምን እንደ ቀለበት ከብቦታል። ወደ ማዶ ለመሄድ ድልድይ ያስፈልጋል። ከሞጣ ወደ ቤጌምድር በሚወስደው መንገድ ላይ በአፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ የዓባይ ድልድይ አለ። ይህ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆነ። ሰውም በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ወዲህና ወዲያ ባሉ ሰዎች እየተሳበ ሲሻገር ብዙ ዘመን ኖረ። በ1994 ዓ.ም. የተሰበረው ቦታ በብረት ተጠገነ። ጥገናውን ግን የዓባይ ጎርፍ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ይህን ለምን አነሣን? ድልድይ ሲሰበር ገበያም አብሮ ይሰበራል። ጥጥ፣ ጨው፣ ልቃቂት፣ ጋቢ፣ ይህ ሁሉ በሰው ጀርባና በአህያ የሚሻገር ነው። መንገድ ከሌለ ፈታዪቱም ሸማኔውም ሥራ ይፈታሉ።

2. የእናቶች ሥራ

ጥጥ ልብስ ከመሆኑ በፊት ሦስት ሥራ አለበት። ሦስቱም በአብዛኛው የእናቶች ሥራ ናቸው።

አንደኛው መዳመጥ ነው። ጥጡ በውስጡ ፍሬ አለው። ፍሬው መውጣት አለበት። ጥጡ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና ቀጭን የብረት ዘንግ ይሽከረከርበታል። ፍሬው እየተገፋ ይወጣል። ጥጡ ብቻውን ይቀራል።

ሁለተኛው ጥጡን ማፍታታት ነው። ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ ይባዘታል። በዚህ ጊዜ ቆሻሻው ይረግፋል። ጥጡም ተፍታቶ እንደ ደመና ይነፋል። ይህ ባዘቶ ይባላል።

ሦስተኛው መፍተል ነው። መሣሪያው እንዝርት ነው። እንዝርት ቀጭን እንጨት ነው፤ ክብ ማክበጃ አለው። ማክበጃው እንዝርቱ ሳይቆም እንዲሾር ያደርጋል። እናት በአንድ እጇ ባዘቶውን ትይዛለች፤ በሌላው እንዝርቱን ታሾራለች። ባዘቶው እየተሳበና እየከረረ ክር ይሆናል። የተጠቀለለው ፈትል ልቃቂት ይባላል።

ፈትል ሁለት ዓይነት ነው፤ ድርና ማግ። ድር በርዝመት የሚወጠረው ክር ነው። ማግ በወርድ የሚገባው ክር ነው። ድር በሽመና ጊዜ ይሳባል፤ ይፈተጋል። ስለዚህ ቀጭን፣ በጣም የከረረና ጠንካራ መሆን አለበት። ማግ ግን ላላ ያለና ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ጋቢን ሙቀትና ልስላሴ የሚሰጠው ማጉ ነው። ጎበዝ ፈታይ ይህን ልዩነት በጣቷ ታውቀዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ለአንድ ጋቢ የሚሆነውን ፈትል ለማዘጋጀት እናት ብዙ ወራት ትፈጃለች። ቀን የቤቱ ሥራ አለባት፤ ወፍጮውና ውኃው፣ ልጁና ምጣዱ ይጠብቃታል። የምትፈትለው በትርፍ ሰዓቷ ነው፤ ብዙ ጊዜም ማታ በእሳት ብርሃን ነው። ሸማኔው ግን ፈትሉን ከተረከበ በኋላ ልብሱን በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል። እንግዲህ የጋቢው ትልቁ ድካም ያለው እንዝርቱ ላይ ነው። የእናቶች ድካም ግን ዋጋ ሲወጣለት አናይም። «ቁጭ ብላ ስትፈትል ዋለች» እንላለን እንጂ «ስትሠራ ዋለች» አንልም። ይህ ትክክል ነውን?

3. የሸማኔው ሥራ

ሸማኔው መጀመሪያ ድሩን ያደራል። ይኸውም ክሩን በተተከሉ እንጨቶች መካከል እየተመላለሰ በሚፈለገው ርዝመት ይዘረጋዋል። ቀጥሎም ድሩን በዱቄት ሙቅ ያጠጣዋል። ሙቁ ሲደርቅ ክሩን ያጠነክረዋል፤ እንዳይላላጥና እንዳይበጠስ ይጠብቀዋል። ልብሱ ከተሠራ በኋላ ሲታጠብ ሙቁ ይለቃል። አዲስ ሸማ መጀመሪያ ደርቆ ኋላ ሲታጠብ የሚለሰልሰው ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ድሩ በሸማ መሥሪያው ላይ ይወጠራል። ሸማኔው ጉድጓድ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል። በእግሩ መርገጫዎቹን በተራ ይረግጣል። አንዱን ሲረግጥ የድሩ ግማሽ ወደ ላይ ይነሣል፤ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል። በመካከሉ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። በዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ማግ የያዘውን መወርወሪያ ይወረውራል። በሌላው እጁ ይቀበለዋል። ማጉን ደብደብ አድርጎ ያጠጋዋል። እንደገና ይረግጣል፤ እንደገና ይወረውራል። እግር፣ እጅና ዓይን አብረው ይሠራሉ።

መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚወረወር የሸማው ወርድ ሸማኔው እጁን ከሚዘረጋው በላይ ሊሆን አይችልም። ጋቢ ከመካከሉ ስፌት ያለው ለዚህ ነው። ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ይሰፋል።

ሸማ ብዙ ዓይነት ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ስስ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ለብርድ ይሆናል። ቡሉኮ ከጋቢ ይወፍራል። ኩታ፣ መቀነትና ጥበብ ቀሚስም አሉ። በጣም በሚበርደው ደጋ ደግሞ ከበግ ጸጉር ባናና በርኖስ ይሠራል። ጥጥ የቆላ ስጦታ ሲሆን የበግ ጸጉር የደጋ ስጦታ ነው።

4. ሸማ ይናገራል

ሸማ ገላ መሸፈኛ ብቻ አይደለም። ቋንቋም ነው። ሰው ነጠላውን እንዴት እንደ ለበሰ አይተን ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን።

ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነጠላውን በደረቱ ላይ አመሳቅሎ ይለብሳል። ለቅሶ የሚሄድ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቱ ያደርጋል። የጥለቱን ቦታ ያየ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ይጠይቃል። በቀድሞ ዘመን በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ወገቡ ላይ ያስር ነበር፤ ይህም ማደግደግ ይባል ነበር። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ ደግሞ የመኳንንት ልብስ ነበር።

ሕፃን ሲወለድ በሸማ ይጠቀለላል። ሙሽራ በአዲስ ልብስ ትዳራለች። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለውም ያለ ነገር አይደለም። ሰው ሲሞትም በጨርቅ ይገነዛል። እንግዲህ ፈታዪቱና ሸማኔው በልደታችንም በሠርጋችንም በሞታችንም አሉ ማለት ነው።

5. «ቁጢት በጣሽ»

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሠራልንን ሸማኔ ምን ብለን ጠራነው? «ቁጢት በጣሽ» አልነው። ቁጢት ማለት ሸማው ሲያልቅ በጫፉ የሚቀረው ቁራጭ ክር ነው። ልብሱን ለብሰን ሰውዬውን በቁራጩ ሰደብነው። ብረት የሚሠራውንም፣ ቆዳ የሚፋቀውንም፣ ሸክላ የምትሠራውንም እንዲሁ አደረግን። ማረሻው፣ ጀንዲውና እንስራው ግን ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም።

ይህ ንቀት ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት መሬት ነው። በቀድሞው ሥርዓት የሰው ክብር የሚለካው በርስቱ ነበር። በጎንደርና በጎጃም ብዙ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ርስት ስላልነበራቸው በእጅ ሥራና በንግድ ይተዳደሩ ነበር። ሽመና ከሥራቸው አንዱ ነበር። ርስት ያለው ርስት የሌለውን ናቀ። ኋላም ሥራውን ከሠሪው ጋር አብሮ ናቀ። መሬትን የሚመለከተው አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲወጣ የርስት ሥርዓት ቀረ። ስድቡ ግን ከአፋችን ቶሎ አልወጣም።

ጉዳቱን ቀድመው ያዩ ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ሸማኔውንም፣ ብረት ሠሪውንም፣ ሌላውንም ባለ እጅ የሚመለከት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ዛሬም ልጁ ሽመና ልማር ሲል «ዘራችንን ልታሰድብ ነው ወይ?» የሚል አባት አይጠፋም። ልጁም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ወይም ወደ ከተማ ይሰደዳል። መሬት እያነሰ በሄደበት ዘመን የእጅ ሙያን መናቅ በገዛ ልጅ ላይ በር መዝጋት ነው።

ከሌላው ያገራችን ክፍል እንማር። የዶርዜ ሰዎች በሽመና የታወቁ ናቸው። ከጋሞ ደጋ ተነሥተው አዲስ አበባ ገቡ። ዛሬ በሽሮ ሜዳ ያለው የሸማ ገበያ የእነርሱ ሙያ ያቆመው ነው። ሙያ ስንቅ ነው፤ በሄዱበት ይከተላል።

6. ጃቫ ከምትባል አገር

ከአገራችን እጅግ ርቃ፣ በባሕር መካከል፣ ጃቫ የምትባል ደሴት አለች። ያለችው በኢንዶኔዥያ ነው። ገበሬዎቿ ሩዝ ያመርታሉ። እነርሱም እንደ እኛ የእጅ ሸማ ያውቃሉ። ሉሪክ የሚባል ባለ መስመር ልብስ በእጅ ይሸምናሉ። ከሁሉ ይበልጥ የታወቁት ግን ባቲክ በሚባል የጨርቅ ማቅለም ሥራ ነው።

ባቲክ እንዴት ይሠራል? ምስጢሩ ሰም ነው። ሰምን እኛም እናውቀዋለን፤ ጧፍ የምንሠራበት ነው። ጧፍ ላይ ውኃ ጠብ ብታደርጉ ውኃው አይገባም፤ ተንከባሎ ይወርዳል። የጃቫ ሴቶች ይህን ጠባይ ተጠቀሙበት። ትንሽ የመዳብ ዕቃ አላቸው፤ ጫፉ ቀጭን ቱቦ ነው። ቻንቲንግ ይሉታል። የቀለጠ ሰም ይጨምሩበትና ልክ እንደ ብዕር በነጭ ጨርቅ ላይ ሐረግና አበባ ይሥላሉ። ከዚያ ጨርቁን ቀለም ውስጥ ይነክሩታል። ሰም የነካው ቦታ ቀለም አይገባበትም፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ ጨርቁ በፈላ ውኃ ይቀቀላል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ሥዕሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሌላ ቀለም ከተፈለገ ሥራው እንደገና ይደገማል። አንድ ጥሩ ጨርቅ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

በጃቫም ልብስ ይናገራል። በልደት፣ በሠርግና በሞት የሚለበሰው የተለያየ ነው። በድሮ ጊዜ ለቤተ መንግሥት ሰዎች ብቻ የተፈቀዱ ሥዕሎች ነበሩ። የእኛን ጃኖ ያስታውሰናል። የዓለም የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ ባቲክን በመስከረም 2002 ዓ.ም. ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አግብቶታል።

አሁን ዋናውን ነገር እንመልከት። በዮግያካርታ አቅራቢያ ጊሪሎዮ የሚባል መንደር አለ። የመንደሩ ሴቶች ለብዙ ዘመን በሰም የመሣሉን ሥራ ብቻ ይሠሩ ነበር። ማቅለሙና መሸጡ በከተማ ነጋዴ እጅ ነበር። ስለዚህ ድካሙ የሴቶቹ፣ ትርፉ የነጋዴው ነበር። በግንቦት 1998 ዓ.ም. በዚያ አገር ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ከ5 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ቤት ፈረሰ። ሴቶቹ ከዚህ መከራ በኋላ ተሰበሰቡ። ማቅለም ተማሩ። በማኅበር ተደራጁ። ልብሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳቸው ሠርተው ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ልቃቂቷን በየገበያው አንድ አንድ እያለች የምትሸጥ እናት ዋጋ የምትቀበለው ከገዢው አፍ ነው። አሥር እናቶች ፈትላቸውን አንድ ላይ ሰብስበው፣ ለሸማኔ ሰጥተው፣ ጋቢውን ራሳቸው ቢሸጡ ግን ዋጋውን ሊነጋገሩበት ይችላሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ይኸው ነው።

7. የፋብሪካ ጨርቅ

የእጅ ሸማ ብቻውን አይደለም። አቡጀዲ ከውጭ አገር መግባት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ1953 ዓ.ም. በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ፋብሪካ ጠላት አይደለም። ብዙ ሸማኔዎች ድሩን የፋብሪካ ክር አድርገው ማጉን በእጅ ፈትል ይሠራሉ። ድሩ አይበጠስባቸውም፤ እናቶችም ከሥራው ግማሽ ያርፋሉ።

ችግሩ ሌላ ነው። በቅርብ ዓመታት የጥበብን መልክ በመኪና ያተመ ጨርቅ ከውጭ እየገባ «የሐበሻ ልብስ» ተብሎ ይሸጣል። ርካሽ ነው። ርካሽ የፈለገ ሰው ይግዛ፤ ነገር ግን የገዛውን አውቆ ይግዛ። መለያው ቀላል ነው። ልብሱን ገልብጡና ጀርባውን እዩ። በእጅ የተሠራ ጥለት ክሩ ከጀርባም ይታያል። የታተመው ግን ከፊት ደማቅ፣ ከጀርባ ደብዛዛ ነው። አንድ ክር መዝዞ ማቃጠልም ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ጥጥ ያልሆነው የፋብሪካ ክር ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይጠጥራል።

8. ጽፎ መያዝ

በየመንደሩ የምንሰማው ክርክር አለ። እናት ልብሷን ልትቀበል ትሄዳለች።

«አያ፣ ይህ ጋቢ ሳሳብኝ እኮ። ልቃቂቴ ጎድሏል።»

«እትዬ፣ የሰጡኝን ነው የሠራሁት። አንድ ክር አላስቀረሁም።»

«እኔ የሰጠሁዎትን አላውቅም?»

«እኔስ የተቀበልኩትን አላውቅም?»

ማን እውነት ተናገረ? ማንም አያውቅም። ምናልባት ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። ያልተጻፈ ነገር ግን ይረሳል። ከዚያ ቂም ይመጣል፤ ሐሜት ይመጣል። «ሸማኔ ሌባ ነው» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ይህን የሚያስቀር ሚዛንና እርሳስ ብቻ ነው።

አሁን ደብተራችሁን አውጡና ይህን ምሳሌ ጻፉ።

ቀን፦ ኅዳር 12
የተሰጠ ድር፦ 700 ግራም
የተሰጠ ማግ፦ 1 ኪሎ ከ300 ግራም
ድምር፦ 2 ኪሎ
የሚሠራው፦ አንድ ጋቢ
የሚያልቅበት ቀን፦ ኅዳር 30
የሰጪ ፊርማ፦
የተቀባይ ፊርማ፦

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ እንዲህ ይጻፋል።

የጋቢው ክብደት፦ 1 ኪሎ ከ850 ግራም
ቁጢትና ትርፍ ክር፦ 120 ግራም
ድምር፦ 1 ኪሎ ከ970 ግራም
ልዩነት፦ 30 ግራም

ሠላሳ ግራም በሥራ ላይ በብናኝ ሊጠፋ ይችላል። አያጣላም። ልዩነቱ ሦስት መቶ ግራም ቢሆን ግን መጠየቅ ይገባል። ሙቅ የጠጣ ድር ልብሱን ትንሽ ሊያከብደው እንደሚችልም አትርሱ። ስለዚህ ልብሱ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ መመዘን ይበልጥ ትክክል ነው። ቁጢቱም ይመዘን፤ አይጣል። የናቅነው ቁራጭ ክር ሸማኔውን ከሐሜት ያድነዋል።

ይህ ጽሑፍ እናትን ብቻ አይጠብቅም። ሸማኔውንም ይጠብቃል። የእጁ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፣ ስንት ቀብድ እንደ ተቀበለ፣ መቼ እንደሚከፈለው አብሮ ይጻፍ። እንግዲህ ፊደል ከሚዛን ጋር ሲሆን ሁለት ሰዎችን ያስታርቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ድርና ማግ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ድር ለምን የከረረ መሆን አለበት?
2. የጋቢ መካከል ለምን ይሰፋል?
3. በመንደራችሁ ሸማኔን፣ ብረት ሠሪንና ሸክላ ሠሪን ሰዎች ምን ብለው ይጠራሉ? ልጃችሁ ይህን ሥራ ልማር ቢል ምን ትመልሳላችሁ?
4. የጊሪሎዮ ሴቶች በመጀመሪያ ለምን አልተጠቀሙም? በኋላስ ምን አደረጉ?
5. አንዲት እናት ለሸማኔ 1 ኪሎ ከ600 ግራም ፈትል ሰጠች። ጋቢው 1 ኪሎ ከ450 ግራም፣ ቁጢቱና ትርፉ 110 ግራም መዘነ። ልዩነቱ ስንት ነው?
6. ቤታችሁ ያለውን አንድ ጋቢ ወይም ነጠላ ውሰዱ። ማን ፈተለው? ማን ሠራው? መቼ? የምታውቁትን በአምስት መስመር ጻፉ። የፈተሉት እናታችሁ ወይም አያታችሁ ከሆኑ ስማቸውን መጻፍ አትርሱ።